አልቅሳ የማታውቀው ልጄ የጠፋች ዕለት

በዋግ ኽምራ ምድር፣ ከአምደወርቅ እስከ ፃግብጂ ቢፈለግ፣ እንደኔ ልጅ ማሳደግ የተካነ አባት አይገኝም ነበር። ይህን የምለው እኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ደንበኞቼም ይመሰክሩልኝ ነበር። የጎረቤት ልጆች ሲያለቅሱ የሰቆጣ ውሾች ሰፈር ይቀይራሉ። የኔዋ ለምለም ግን ሦስት ዓመት አልፏት እንባ ጉንጯን አርሶት አያውቅም። አትረብሽም፣ አትሮጥም፣ "አባዬ ግዛልኝ" አትልም። ጠዋት ያስቀመጥኳትን ማታ እዚያው አገኛታለሁ። "ምን አድርገህ ነው?" ሲሉኝ፣ "ምስጢሩን የምሸጠው ለመንግሥት ብቻ ነው" እላቸዋለሁ።

ምስጢሩ ቴሌቪዥን ነበር።

ያኔ በገበያው አፋፍ ላይ አንድ በር ያላት ፀጉር ቤት ነበረችኝ። ከመቀሴ ይልቅ ምላሴ የሚሠራ ጎልማሳ ነበርኩ። ወደ እኔ ከሚመጣው ሰው ግማሹ ለፀጉሩ፣ ግማሹ ለወሬው ነው የሚመጣው፤ መላጦች ሳይቀሩ ደንበኞቼ ነበሩ። መብራት ከተማችን እንደገባ ወልድያ ወርጄ አንድ ቴሌቪዥንና አንድ የቪዲዮ ዴክ ይዤ ተመለስኩ። ቴሌቪዥኑ በጋቢዬ ተጠቅልሎ በአይሱዙው ጋቢና ውስጥ ተቀመጠ፤ እኔ ከኋላ ከእህሉ ጋር ተጫንኩ። መንገድ ላይ አንዲት እናት ወደ ጋቢናው አጮልቀው፣ "ምኑን ነው ያመመው?" ሲሉኝ፣ "ዓይኑን" አልኳቸው። "እግዜር ይማረው" ብለው አማተቡ።

ባለቤቴ አስካል ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። በርበሬ ባለበት ሕፃን አይውልም፤ ስለዚህ ለምለም መቀመጥ ከቻለችበት ጊዜ ጀምሮ ውሎዋ ከኔ ጋር ሆነ። አንድ የቢራ ሳጥን ገልብጬ ቴሌቪዥኑ ፊት አኖርኩላት። ዙፋኗ እሱ ነበር። ዓይኗን ሳትነቅል ታያለች፤ ጉርሻ ሳቀርብላት አፏን ትከፍታለች። የምትውጠው እንጀራ ይሁን ሳሙና የምታውቀው አይመስለኝም። እኔም ከጀርባዋ ቆሜ እላጫለሁ፣ አወራለሁ። ለደንበኞቼ።

አንድ ችሎታ ግን ነበራት። ያሉኝ ካሴቶች አብዛኞቹ የህንድ ፊልሞች ስለነበሩ፣ የተዋናዮቹን ንግግር ከነዜማው ታወርደው ነበር። "ልጄ የውጭ ቋንቋ ትናገራለች!" እያልኩ ለደንበኛ አስተዋውቃለሁ። ሁሉም ይስቃል።

የማትስቀው አስካል ብቻ ነበረች።

"ሲሳይ፣ ይቺ ልጅ እማ አትልም። አባ አትልም። ውሃ ሲጠማት እንኳ ማሰሮውን በእጇ ትመታለች እንጂ አትጠይቅም።"

"ቸኮልሽ።"

"ስጠራት ዞር አትልም። ጆሮዋ ይሆን እንዴ?"

"ጆሮዋማ ደህና ነው፤ የፊልሙን ድምፅ ዝቅ ሳደርገው ታኮርፋለች።"

"የጎረቤቶቻችን የነ ዘውዴ ልጅ ከእሷ ታንሳለች፤ ሰው ስትሳደብ ትውላለች!"

"እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ እያወራሁ ነው አስካል። ልጄ ጨዋ ስለሆነች ጨርሼ ተራ እስክሰጣት እየጠበቀች ነው።"

ይህን ቀልድ ብዙ ጊዜ ደገምኩት። ዛሬ ሳስበው ቀልድም አልነበረም።

ያ ቀን የገበያ ቀን ነበር። ወንበሬ ላይ አያ ካሳዬ ተቀምጠዋል፤ በማግስቱ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ስለሚነሳ አምረው ሊገኙ የመጡ፣ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከግራ ጆሯቸው ጀምሬ ግማሽ ራሳቸውን እንዳጸዳሁ ቶንዶሱ እጄ ላይ ሞተ። መብራት ሄደ። ቴሌቪዥኑም ድርግም አለ።

"እንግዲህ እንዲሁ ልቅር?" አሉ አያ ካሳዬ ራሳቸውን እየዳበሱ።

"በዚህ በኩል ቄሱን ይዩአቸው፤ በዚያ በኩል እንግዶቹን።"

"መቀስ የለህም?"

"መቀስ አለ። ግን ወሬ ጀምሬያለሁ።"

ቀጠልኩ። ስለ አንድ የሰሃላ ሰውና ስለ ፍየሉ የማወራት፣ በየጊዜው ፍየሉ የሚገዝፍባት ወሬ ነበረችኝ። በዚያ ቀን ፍየሉ በቅሎ ሊያክል ደርሶ ነበር። ሱቁ በሳቅ ተናጋ። ምን ያህል ጊዜ እንደሄደ አላውቅም። ብቻ ድንገት መብራቱ መጣ፤ ቶንዶሱ ጠረጴዛው ላይ ይንጫጫ ጀመር፤ ቴሌቪዥኑም ካቆመበት ጮኸ። ሁላችንም ወደዚያ ዞርን።

የቢራ ሳጥኑ ላይ ማንም የለም።

መጀመሪያ ከመጋረጃው ጀርባ ፈለግኳት። ከዚያ ሽንት ቤት። ከዚያ ጎረቤት ጠላ ቤት። አያ ካሳዬ ጨርቁ ከአንገታቸው ሳይፈታ ተከትለውኝ ወጡ። ያቺ ከሳጥኗ የማትነሳ ልጅ ሳጥኑን ትታ የት ትሄዳለች? በኋላ ነው የገባኝ። ብርሃኑ ሲጠፋባት ፍለጋ ወጥታለች። ሁላችን እዚያው ነበርን፤ እሷን እዚያ የሚያቆይ ግን አንዳችን አልነበርንም።

ገበያው እንደ ንብ ቀፎ ይተምማል። በሩ ላይ የቆመውን የገበያ ጥበቃ ያዝኩት።

"ልጅ ጠፋችብኝ! ሴት ልጅ!"

"ምን ለብሳለች?"

"ቀይ።" ትንሽ አሰብኩ። "ወይ ቡናማ።"

"መልኳስ?"

"ማጅራቷ ላይ የፀጉሯ ጫፍ ወደ ቀኝ ይዞራል። የቀኝ ጆሮዋ ከግራው ወጣ ይላል። ከጆሮዋ ጀርባ አንዲት ጥቁር ነጥብ አለች።"

ጥበቃው ትክ ብሎ አየኝ። "ወንድሜ፣ የጠፋችብህ ልጅህ ናት ወይስ መንገድ ላይ ከኋላ ያየሃት ሰው?"

ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ቀልድ እገዛው ነበር።

አስካል ጋ ስደርስ ለአንዲት ሴት ኮረሪማ እየሰፈረችላት ነበር። ፊቴን አይታ መስፈሪያውን ጣለችው።

"ልጄስ?"

"እዚህ አልመጣችም?"

"ብቻዋን? እንዴት አድርጋ?"

"መብራት ሄዶ..."

"ስለ መብራት ጠየቅኩህ? ልጄ የት አለች?"

ቅመሙን ከነጆንያው ትታ ተነሳች። "ለምለም! ለምለሜ!" እያለች በሰው መሀል ገባች። እኔም ተከትያት ስጮህ ዞር ብላ አንድ ነገር አለችኝ፤ እንደ ምላጭ ነው የቆረጠኝ።

"አንተ ምን ያስጮህሃል? ስሟን ከአንተ አፍ ሰምታው ታውቃለች?"

ማር ተራ ስንደርስ ከፃግብጂ የመጡ አንዲት ባለ ማር ወሬውን ሰጡን። ልጅቷን በሰው እግር መሀል ስትዞር አግኝተዋታል። በአማርኛ፣ "የማን ነሽ?" አሏት። በአካባቢው የአገው ቋንቋ፣ በኽምጣንጋም ጠየቋት። እሷም መለሰች።

"ምን ብላ?" አለች አስካል።

"እኔስ ምኑን አውቄው ልጄ? ረጅም ነገር ነው ያወራችኝ፤ እንደ ዘፈን ያደርገዋል። የኛ ቋንቋ አይደለም፤ አማርኛም አይደል። በቃ የትግርኛ ሰው ልጅ ናት ብዬ ጨው ተራ ወስጄ ሰጠኋቸው።"

ወደ ጨው ተራ በረርን። ጨው ነጋዴው ሽበታም ሰው ነበሩ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ።

"መጥታ ነበር። በትግርኛ 'ንዒ'፣ ነይ፣ አልናት፣ ስኳር ሰጠናት። እሷ ታወራለች፣ እኛ አንሰማት። ትግርኛ አይደለም። ታዲያ ይሄ የአገው ቋንቋ ነው፣ ግን የሩቅ አገው ነው፤ የፃግብጂዋ ሴት ካልሰማቻት የሰሃላ መሆን አለባት አልን።"

"እና የት አለች?" አልኩ።

"አባ ተበጀ የሚባሉ ሽማግሌ በዚያ በኩል ይሄዳሉ፤ ወገኖቿ ቀድመው ተነሥተው ይሆናል፣ መንገድ ላይ እናገኛቸዋለን ብለው አህያ ላይ ጭነው ወሰዷት።"

አንድም ክፉ ሰው አልነበረበትም። ሁሉም አዝኖላት፣ ሁሉም አስቦላት፣ ከእጅ ወደ እጅ አሳልፏት ልጄ በደግነት ከከተማ ወጣች። አገራችን ውስጥ በሚነገረው ሁሉ ተጠየቀች፤ በአንዱም ስሟን መናገር አልቻለችም። እኔ ቀልድ ያደረግኩት "የውጭ ቋንቋ" አገር አልባ አደረጋት።

የሰሃላን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። እንደ ዛሬው አይደለም፤ ቁልቁለቱን ከጨረሱ በኋላ የእግር መንገዱ እንደ ዛፍ ሥር ይበታተናል። ሰዎቹ መለያያውን ካለፉ በየትኛው እንደሄዱ ማን ይነግረኛል? እዚያ መንደር ከገባችስ? ሌላ ልጅ ቢጠፋ፣ "አባቴ እገሌ፣ አገሬ ሰቆጣ" ብሎ ውሎ አድሮ ይመለሳል። የኔዋ ዕድሜዋን ሙሉ ብትጠየቅ የምትመልሰው የለም።

ሮጥኩ። እኔ የምሮጠው ቀርቶ የምራመደው ሱቅ ውስጥ ብቻ ነበር። አያ ካሳዬ ግማሽ ራሳቸው እንደ እንቁላል እያበራ፣ ግማሹ እንደ ጎፈር ቆሞ፣ ጨርቄ አንገታቸው ላይ እየተውለበለበ ቀደሙኝ። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች እሳቸውን ሲያዩ መንገድ ይለቁልን ነበር። አስካል ከኋላ ናት፤ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከመለያያው ትንሽ ወዲህ፣ ወንዙ ዳር አህዮች ውሃ ሲጠጡ አየን። አንዷ አህያ ላይ፣ በጨው ከረጢት መሀል፣ ልጄ ተቀምጣለች። ቀሚሷ ሰማያዊ ነበር።

"የኔ ናት!" ብዬ ስንደረደር፣ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ረጅም ሽማግሌ በትራቸውን አጋድመው አቆሙኝ። አባ ተበጀ ናቸው።

"ቀስ! የማን ነች?"

"የኔ ልጅ ናት አባ፣ እባክዎ! አባቷ ነኝ!"

"ይሁን። ምስክርህስ?"

ወደ አያ ካሳዬ ጠቆምኩ። ሽማግሌው ግራና ቀኙን ጭንቅላት ተራ በተራ አዩት።

"ይህ ሰው ደህና ነው?"

"ደህና ነኝ አባ፤ መብራት ሄዶብኝ ነው" አሉ አያ ካሳዬ እያለከለኩ።

ነገሩ ከፋ። አብረዋቸው ያሉት ሰዎች ተነሥተው ቆሙ። አባ ተበጀ ግን ድምፃቸውን ሳይቀይሩ፣ "ሰው ልጅ ይሰርቃል፤ ዝም ብዬ አልሰጥም። አባቷ ከሆንክ ጥራት። አንተን ስታይ ፊቷን አያለሁ" አሉ።

ከዚህ የቀለለ ምን አለ?

"ለምለም!" አልኩ።

የአህያዋን ጆሮ ትነካካለች።

"ለምለም! ለምለሜ! አባዬ ነኝ!"

ደግሜ ደጋግሜ ጠራኋት። ከመንገደኞቹ አንዱ፣ "ልጅ አባቱን እያየ እንዲህ አይሆንም" ብሎ አጉረመረመ። ከዚያ አንድ የማውቀው ነገር ትዝ አለኝ። ካለሁበት ቆሜ፣ ትከሻዬን እየሰበቅኩ፣ አንገቴን እንደ ህንዶቹ እየወዘወዝኩ፣ የምትወደውን የፊልም ዘፈን ጀመርኩ። የሰሃላ ሰዎች በትራቸውን ተደግፈው፣ አንድ ጢማም ሰው ወንዝ ዳር ቀበጥ ብሎ ሲዘፍን ያያሉ።

ለምለም ቀና አለች! ፊቷ በራ። "አየችኝ!" አልኩ።

አላየችኝም። ዓይኗ በእኔ ላይ አልፎ ከኋላዬ፣ ከጎኔ፣ ከድንጋዩ ሥር፣ ከቁጥቋጦው ላይ ተንከራተተ። ቴሌቪዥኑን ነበር የምትፈልገው። ድምፁ አለ፣ ሳጥኑ የለም። ስታጣው ፊቷ ተመልሶ ጠፋ።

መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በዚህ መሀል አስካል ደረሰች። ልጇን ለመጥራት ትንፋሽ አልነበራትም። በርበሬና አብሽ የሸተተ ነጠላዋን እየጎተተች ወደ አህያዋ ሄደች፤ ለምለም ሁለት እጇን ዘረጋችላት። በቃ። ሽማግሌው ወዲያው በትራቸውን አነሱ። "ውሰጃት ልጄ። ማሪያም ታሳድግልሽ" አሉ።

ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ በቅንነት፣ ሊያጽናኑኝ ፈልገው፣ "አንተ ጎረቤታቸው ነህ?" አሉኝ።

ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ ልብሴን አራገፍኩ።

"አባቷ ነው አባ" አለች አስካል ቀስ ብላ።

ሽማግሌው አፍረው መሬት መሬቱን አዩ። "አትፍረዱብኝ። ከገበያው ስንወጣ ክፉኛ ስታለቅስ ነበር። ኋላ ግን ሳወራት፣ ሳወራት ተወችው።"

"አለቀሰች?" አልኩ። "ለምለም?"

"ልጅ አይደለች እንዴ? ታልቅስ እንጂ።"

"እሷ ቋንቋ አትሰማም እኮ አባ፤ ምን ብለው አወሯት?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? ይሄ ድንጋይ ነው፣ ይሄ አህያ ነው፣ ይሄ ውሃ ነው ስላት መጣሁ። ልጅ ይዞ ዝም ብሎ ይኬዳል?"

ስንመለስ እኔ አዘልኳት። ከወንዙ ወጣ ስንል አንዲት ቀጭን ምንጭ መንገዱን ታቋርጣለች። እዚያ ላይ ስረግጥ ለምለም በትከሻዬ በኩል ጣቷን አውጥታ ወደ ታች ጠቆመች፤ አንዲት አጭር ቃልም አለች። ቆምኩ። እናቴ አገው ናት፤ ኽምጣንጋ ከአማርኛ በፊት የሰማሁት ቋንቋ ነው። አስካል ግን አትሰማም።

"ምን አለች?" አለችኝ።

"ውሃ አለች።"

"ምን?"

"ውሃ። በኽምጣንጋ።"

አስካል መንገዱ መሀል ተቀምጣ አለቀሰች። አያ ካሳዬ ፊታቸውን አዙረው በጨርቄ ዓይናቸውን ጠረጉ። አንድ እንግዳ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የሰጣትን እኔ ከተወለደች ጀምሮ አልሰጠኋትም ነበር፤ ያውም በእናቴ ቋንቋ።

በሳምንቱ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። የመረመረቻት ባለሙያ ወጣት ሴት ነበረች። ጆሮዋን አየች፣ አፏን አየች፣ ከኋላዋ አጨበጨበች። "ምንም የለባትም" አለች። "ቤት ውስጥ ከእሷ ጋር ማነው የሚያወራው?" እኔ አስካልን አየሁ፤ አስካል እኔን አየች። ባለሙያዋ መልሱን አልጠበቀችም። ልጅ የሚናገረው የሚያወራውን ሰው ፊት እያየ፣ መልስ ሲሰጥና ሲቀበል ነው፤ ያ ሳጥን ይናገራል እንጂ አይሰማትም፣ ዝጉት፣ ከልጆች ጋር አፈር ታቡካ አለችን።

ዘጋሁት። ለምለም ያጠራቀመችውን ልቅሶ ሁሉ አወጣችው፤ ራሷን መሬት ላይ ጣለች፣ አልበላም አለች፣ ሌሊት አላስተኛችንም። ደንበኞቼ ፊልም ወዳለበት ሄዱ። አስካል ሥራዋን ቀንሳ ቤት ዋለች፤ የዘውዴን ተሳዳቢ ልጅ ከነስድቧ አመጣችላት። ቃላቱ መጡ፣ ግን እንደ በጋ ምንጭ ጠብ እያሉ ነው የመጡት። እኩዮቿ ወሬ ሲሰልቁ እሷ ገና "እማ" ትል ነበር። ትምህርት ቤት የገባችው ዘግይታ ነው፤ ገብታም መምህሯ ጥያቄ ስትጠይቃት ልጆቹ "ድዳዋ" እያሉ ይስቁባት ነበር። ዓይኗም ደክሞ ኖሮ ሰሌዳው ሥር ካልሆነ አታይም ነበር። ኋላ ተካከለች፤ የጎደለው ጊዜ ግን ሳይካካስ ቀረ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ጥፋቱን በቴሌቪዥኑ ላይ ላላክክላችሁ አልፈልግም። ቴሌቪዥኑ ራሱን አላበራም። ልጄን ዝም ያሰኘልኝ ጊዜ ወደድኩት፤ ዝምታዋን ጨዋነት አልኩት፤ አለማልቀሷን ደስታ አልኩት። ዛሬም ፀጉር ቤቴ አለች። አባቶች ሕፃን ይዘው ይመጣሉ፤ ሕፃኑ እንዳይረብሽ ስልክ ያስይዙታል፤ ሕፃኑም ፀጥ ይላል። ያን ጊዜ እጄ ይቆማል። "ወንድሜ፣ ተወው ያልቅስ፣ ይጠይቅህ፣ ይረብሽህ" እላለሁ። የወንዙን ነገር እነግራቸዋለሁ። ግማሽ ራሳቸውን የተላጩት ሰውዬ ጋ ስደርስ ይስቃሉ፤ "ሲሳይ ደግሞ ጀመረው!" ይሉኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ሳጋንን ኖሬ፣ እውነቱን ስናገር የሚያምነኝ አጣሁ።

ለምለም አሁን ባሕር ዳር ትሠራለች። በየሳምንቱ ትደውላለች፤ ከእናቷ ጋር ሲስቁ፣ ሲቆጡ፣ ሲያሙ ይቆያሉ። ከዚያ አስካል ስልኩን ለኔ ትሰጠኛለች።

"አባዬ፣ እንዴት ነህ?"

"ደህና። አንቺስ?"

"ደህና ነኝ።"

ከዚህ በኋላ ምን እንደሚባል አላውቅም። ትጠብቀኛለች፤ ትንፋሿን እሰማለሁ። ሰቆጣን ሙሉ የማስቅ ሰው ነኝ፤ ከገዛ ልጄ ጋር ማውራት አልችልም። "በይ እናትሽን ላገናኝሽ" ብዬ ስልኩን እመልሳለሁ።